የጤና መዝገብና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውጤታማነት፤ ከጨንቻ ጤና ኬላዎች አንጻር

ክትባት ምን ያህል ሰው እንደወሰደ ማወቅ አንድ ጉዳይ ነው፤ ክትባቱ የወሰደውን ሰው ምን ያህል ከበሽታ እንደጠበቀው ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው በየወሩ ከጤና ኬላ ተነሥቶ ጤና ሚኒስቴር በሚደርሰው የሽፋን ሪፖርት ይገለጻል። ሁለተኛው የክትባት ውጤታማነት የሚባለው ሲሆን፣ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አዲስ ጥናት ሳያስፈልግ በጤና ተቋማት መዝገብ ላይ ቀድሞ ከሰፈረው መረጃ ሊሰላ የሚችል ነው። ይህ አሠራር በዓለም ላይ በስፋት የዳበረው በኢንፍሉዌንዛ ክትባት ዙሪያ ነው። በኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ያልተካተተ በመሆኑ፣ ይኸው ስሌት በቅርብ ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው ከሁሉ በፊት በኩፍኝ ክትባት ላይ ነው። ሁለቱም ክትባቶች የሚለኩት ግን በአንድ ዓይነት መዝገብ በመሆኑ፣ መዝገቡ ያለበት ጉድለት በሁለቱም ላይ እኩል ይንጸባረቃል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን የምትገኘው ጨንቻ ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ ናት። ከዞኑ ዋና ከተማ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በ37 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ይህች የደጋ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሲሆን፣ አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። ብርድና ጉም የሚያዘወትሯት በመሆኗ ሳልና ጉንፋን ለነዋሪው እንግዳ አይደሉም። የአካባቢው ሕዝብ በሽመና ሙያ የታወቀ ሲሆን፣ ሸማኔዎቹም ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ የመሄድ የቆየ ልማድ አላቸው። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የሳሉ ብዛትና የሰው ዝውውሩ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው በክትባት ስሌት ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አላቸው።

ውጤታማነት የሚለካበት ምክንያት

አንድ ክትባት ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በተመረጡ ሰዎች ላይ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ይሞከራል። በዚያ ሙከራ የሚገኘው ውጤት የክትባቱን ብቃት የሚያሳይ ሲሆን፣ ክትባቱ በጭነት ተሽከርካሪ፣ በበቅሎና በእግር ተጓጉዞ፣ በጤና ኬላ ማቀዝቀዣ ወይም በበረዶ ሣጥን ቆይቶ ለሕፃን ሲሰጥ የሚያስገኘውን ጥቅም ግን አያሳይም። ውጤታማነት የሚለካው ይህንኑ የመስክ ጥቅም ነው። ስሌቱ በመሠረቱ ቀላል ነው። በተከተቡት ላይ የታየው የበሽታ መጠን ላልተከተቡት ከታየው መጠን ጋር ይነጻጸራል፤ በተከተቡት ዘንድ የታየው ቅናሽ በመቶኛ ሲገለጽ ውጤታማነቱ ይሆናል።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሌሎች የሚለየው ይህ ስሌት በየዓመቱ እንደገና መሠራት ያለበት በመሆኑ ነው። ቫይረሱ ራሱን ይለዋውጣል። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲትና በመስከረም ወራት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክትባቱ ከየትኞቹ የቫይረስ ዝርያዎች መዘጋጀት እንዳለበት ምክረ ሐሳብ ይሰጣል። አንደኛው ለሰሜን፣ ሌላኛው ለደቡብ ንፍቀ ክበብ ነው። ምርጫው በዚያ ዓመት ከሚዛመተው ቫይረስ ጋር ሲገጥም ክትባቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን ሕመም ይከላከላል፤ ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ዝቅ ይላል። ያለፈው ዓመት አኀዝ ለዘንድሮው አያገለግልም ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ ከመዝገብ በመመለስ ረገድ ቀዳሚዎቹ የስካንዲኔቪያና የአካባቢው አገሮች ናቸው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1947፣ ዴንማርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ የማይለወጥ የግል መለያ ቁጥር ይሰጣሉ። ፊንላንድም ተመሳሳይ ሥርዓት ያላት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ብሔራዊ የክትባት መዝገብ አደራጅታለች። በእነዚህ አገሮች የክትባት መዝገቡ፣ የሆስፒታል መዝገቡ፣ የላቦራቶሪ መዝገቡና የሞት መዝገቡ በዚያው አንድ ቁጥር ስለሚገናኙ፣ የአገሪቱ አረጋውያን በሙሉ ሳይጠየቁና ሳይመረመሩ በአንድ ጥናት ሥር ሊታዩ ይችላሉ። የተከተበው ማን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ማን እንደሆነ መዝገቦቹ እርስ በርሳቸው ይናገራሉ።

መዝገብ በራሱ ግን እውነት ማለት አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ ሲያትል ከተማ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ከ72 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ መሠረት ያደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የወሰዱት አረጋውያን ካልወሰዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅተኛ ነበር። ልዩነቱ እጅግ ጎልቶ የታየው ግን በሽታው በተዛመተበት ወቅት ሳይሆን ገና ሳይጀምር ነው። በዚያን ጊዜ የተከተቡት የመሞት ዕድል ካልተከተቡት 39 በመቶው ብቻ ነበር። ክትባት ያልመጣን በሽታ ሊከላከል አይችልም። የተከተቡት ሰዎች ቀድሞውንም ጤናማ፣ በእግራቸው ሄደው ክትባት የሚወስዱ ነበሩ፤ በጠና የታመሙት ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ቀርተዋል። የመዝገቡ አኀዝ ትክክል ሆኖ ሳለ ከእርሱ የሚወሰደው መደምደሚያ ስሕተት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን መሰል መዛባት ለመቀነስ በስፋት ተቀባይነት ያገኘው ዘዴ የሚጀምረው ከጤና ተቋሙ በር ነው። ትኩሳትና ሳል ይዟቸው የመጡ ሕሙማን በሙሉ ናሙና ይወሰድላቸዋል። ኢንፍሉዌንዛ የተገኘባቸው በአንድ ወገን፣ ያልተገኘባቸው በሌላ ወገን ይመደቡና በሁለቱ ወገኖች የተከተቡት ብዛት ይነጻጸራል። ሁለቱም ወገኖች ሕክምና ፈልገው የመጡ በመሆናቸው፣ ጤና ተቋም በመሄድና ባለመሄድ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ይወገዳል። ካናዳ ዘዴውን ቀድመው ከተጠቀሙት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በአፍሪካም የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት በተመረጡ ሐኪሞች አማካይነት ይሠራበታል።

ለአብነት ያህል 200 ሕሙማን ተመርምረው 80ዎቹ ኢንፍሉዌንዛ ተገኘባቸው እንበል። ከእነዚህ 20ዎቹ የተከተቡ፣ 60ዎቹ ያልተከተቡ ናቸው። ካልተገኘባቸው 120 ሰዎች መካከል ደግሞ 48ቱ የተከተቡ፣ 72ቱ ያልተከተቡ ናቸው። በመጀመሪያው ወገን ለሦስት ያልተከተቡ አንድ የተከተበ፣ በሁለተኛው ወገን ለሦስት ያልተከተቡ ሁለት የተከተቡ አሉ። የመጀመሪያው ጥምርታ የሁለተኛው ግማሽ በመሆኑ የክትባቱ ውጤታማነት 50 በመቶ ይሆናል። ከተከተቡት መካከል የግማሾቹ ክትባት በመዝገብ ላይ ሳይሰፍር ቀርቶ እንዳልተከተቡ ቢቆጠሩ ግን ይኸው ስሌት 43 በመቶ ይሰጣል። ክትባቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መዝገቡ ነው።

የኢትዮጵያ ልምድ

ኢትዮጵያ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲገባ የኅዳር በሽታ ተብሎ የተጠራ ሲሆን፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ከዳኑት መካከል ነበሩ። ኅዳር 12 ቀን በየሠፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። በወቅቱ የሞት ምዝገባ ሥርዓት ስላልነበረ የሟቾቹ ቁጥር የሚታወቀው በግምት ብቻ ነው።

ከ90 ዓመታት በኋላ፣ በሰኔ 2001 ዓ.ም.፣ የኤች 1 ኤን 1 ወረርሽኝ ወደ አገሪቱ መግባቱ ሲረጋገጥ ሁኔታው የተለየ ነበር። በአሁኑ ስያሜው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም በተመረጡ ጤና ተቋማት የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት የጀመረው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በቅኝቱ ከሕሙማን አፍንጫና ጉሮሮ ናሙና እየተወሰደ የቫይረሱ ዓይነት ይለያል። ይህ የስሌቱ አንዱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም የክትባቱ መዝገብ፣ ክትባቱ በፕሮግራም ደረጃ እስካልተሰጠ ድረስ ሊኖር አይችልም።

ወደፊት ክትባቱ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለአረጋውያን ወይም ለጤና ባለሙያዎች መሰጠት ቢጀምር በጨንቻ ጤና ጣቢያዎች ቀድሞ የሚያጋጥመው ችግር የስም ችግር ነው። በአማርኛ ጉንፋን የሚባለው ሕመም ከቀላል የአፍንጫ ፈሳሽ እስከ ብርቱ ትኩሳት ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። በተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ ላይም ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ የሚጻፈው የላይኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን የሚል ጥቅል ስያሜ ነው። ሳል ይዟቸው ከመጡ አምስት ሰዎች መካከል ኢንፍሉዌንዛ ያለበት አንዱ ብቻ ቢሆን፣ በኢንፍሉዌንዛ ላይ 50 በመቶ ውጤታማ የሆነ ክትባት በሳል ላይ ሲለካ 10 በመቶ ብቻ ይሆናል። በብርዱም፣ በቤት ውስጥ ጭሱም ምክንያት ሳል በሚበዛበት አካባቢ እንዲህ ያለ መዝገብ ብቻውን ቢሰላ ክትባቱን የማይጠቅም ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ያለ ላቦራቶሪ ማረጋገጫ አይለካም።

በኩፍኝ ረገድ ሁኔታው ይሻላል። የአገሪቱ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ኩፍኝ ከስድስቱ በሽታዎች አንዱ ነበር። የመጀመሪያው ክትባት በዘጠነኛው ወር የሚሰጥ ሲሆን፣ በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ መደበኛው ፕሮግራም ገብቷል። በዘጠነኛው ወር የሚሰጠው የመጀመሪያ ክትባት 85 በመቶ ገደማ ከሚሆኑት ሕፃናት በሽታውን ይከላከላል ተብሎ ይጠበቃል። የተጠረጠሩ ሕሙማን በዝርዝር ይመዘገባሉ፤ የደም ናሙናም ይላካል። በዝርዝሩ ላይ ሕሙሙ ስንት ጊዜ ኩፍኝ እንደተከተበ የሚጻፍበት ዓምድ አለ። ታማሚውም፣ ላቦራቶሪውም፣ የክትባቱ ታሪክም በአንድ መስመር ላይ ይገኛሉ ማለት ነው።

አንድ ተደጋጋሚ የአረዳድ ስሕተት እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። በወረርሽኝ ጊዜ ከታመሙት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተከተቡ ሆነው ሲገኙ፣ ክትባቱ አልሠራም የሚል አስተያየት በስብሰባ ላይ ይሰማል። 1 ሺህ ሕፃናት ባሉበት አካባቢ 900ዎቹ የተከተቡ፣ 100ዎቹ ያልተከተቡ ናቸው እንበል። ካልተከተቡት 40ዎቹ፣ ከተከተቡት ደግሞ 54ቱ ቢታመሙ፣ ከ94 ታማሚዎች አብዛኞቹ የተከተቡ ናቸው። ነገር ግን ከተከተቡት የታመሙት ከመቶ 6 ሲሆኑ ካልተከተቡት ከመቶ 40 ናቸው። ክትባቱ በ85 በመቶ ውጤታማነት ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል። የተከተቡት ታማሚዎች የበዙት ከመጀመሪያውም የተከተበው ሕዝብ ስለበዛ ነው።

ሽፋኑና ስሌቱ

ወረዳ ላይ ያለ የጤና ባለሙያ የሕፃናቱን ሁሉ ታሪክ መከተል ስለማይችል፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ጤና ድርጅት ቡሌቲን የታተመው የመስክ ግምገማ ጽሑፍ ያስተዋወቀው አጭር ስሌት ይረዳዋል። ሁለት ነገሮች ብቻ ይፈለጋሉ። የመጀመሪያው ከታማሚዎቹ መካከል የተከተቡት ድርሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአካባቢው ሕፃናት መካከል የተከተቡት ድርሻ፣ ማለትም ሽፋኑ ነው። በታማሚዎች ዘንድ የተከተቡት ላልተከተቡት ያላቸው ጥምርታ በሕዝቡ ዘንድ ላለው ተመሳሳይ ጥምርታ ይካፈላል። የተገኘው ከአንድ ሲቀነስ ውጤታማነቱ ይታወቃል።

ይህ ስሌት በሁለተኛው ቁጥር ላይ ያለው ጥገኝነት እጅግ ከፍተኛ ነው። ከ100 የኩፍኝ ታማሚዎች 40ዎቹ የተከተቡ ሆነው ተገኙ እንበል። የወረዳው ሽፋን 80 በመቶ ከሆነ የክትባቱ ውጤታማነት 83 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ከሚጠበቀው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሽፋኑ 95 በመቶ ነው ተብሎ ከተያዘ ውጤታማነቱ 96 በመቶ ይወጣል። እውነተኛው ሽፋን 60 በመቶ ከሆነ ግን 56 በመቶ ብቻ ነው። ታማሚዎቹ ያው ናቸው፤ ዝርዝሩም አልተለወጠም። የሽፋን ሪፖርቱ ብቻ ተለውጦ አንዱ ስሌት ሁሉ ነገር ደኅና ነው ሲል፣ ሌላው ክትባቱ በማጓጓዣና በማቀዝቀዣ ላይ እየተበላሸ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

በሌላ አነጋገር የተጋነነ የሽፋን ሪፖርት የተበላሸ ማቀዝቀዣን ይደብቃል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ሲኖርበት፣ የማቀዝቀዣው ብልሽት በሌላ መንገድ ሳይታወቅ ቢቀር እንኳ በውጤታማነት ስሌቱ ላይ መታየት ነበረበት። ሽፋኑ ከፍ ተደርጎ ሪፖርት ሲደረግ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ ገንዘቡ ወደ ማቀዝቀዣ ጥገና ሳይሆን ወደ ሌላ ሥራ ይመደባል።

የሽፋን ልዩነቱ የሐሳብ ምሳሌ ብቻ አይደለም። የ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወራት ከሆኑት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት 54 በመቶ መሆናቸውን ያሳየ ሲሆን፣ የ2011 ዓ.ም. አነስተኛ ጥናት ደግሞ 59 በመቶ መሆናቸውን አመልክቷል። ከጤና ተቋማት በመደበኛ ሪፖርት የተጠናቀረው የእነዚያ ዓመታት ሽፋን ከዚህ በእጅጉ የላቀ ነበር።

ለልዩነቱ ሁልጊዜ የሪፖርት አቅራቢው ቅንነት ማነስ ምክንያት ነው ማለት ግን ተገቢ አይሆንም። ሽፋን ክፍልፋይ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ቁጥር በጤና ኬላ ይቆጠራል፤ ከመስመሩ በታች ያለው፣ ማለትም መከተብ የነበረባቸው ሕፃናት ብዛት፣ ብዙውን ጊዜ ከበላይ ተሰልቶ የሚወርድ ነው። የሚሰላውም በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በመነሣት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በእነዚህ ዓመታት የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም. ተከፍሎ የጋሞ ዞን ራሱን ችሎ ተቋቁሟል፤ ወረዳዎችም ተከፋፍለው የጨንቻ ገጠር ቀበሌዎች በጨንቻ ዙሪያ ወረዳ ሥር ተዋቅረዋል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ዞኑ በአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገብቷል። ቀበሌ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር የሕፃናቱ ግምት ሳይዛወር ከቀረ አንዱ ወረዳ ከመቶ በላይ ሽፋን ሲያስመዘግብ ሌላው ያለ ጥፋቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

የሸማኔዎቹ ዝውውርም እዚህ ላይ ይመጣል። ቤተሰቡን ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሸማኔ ልጅ በቀበሌው የቤተሰብ ማህደር ላይ ስሟ ይቀራል። ክትባቷን ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ብትወስድ በአዲስ አበባ ትቆጠራለች፤ በጨንቻ ግን ያልተከተበች ሆና ትታያለች። ለበዓለ መስቀል ከቤተሰቧ ጋር ወደ አገሯ በተመለሰችበት ወቅት ብትታመም ደግሞ የታማሚነቷ መዝገብ በጨንቻ ይከፈታል። የአንዲት ሕፃን ታሪክ በሁለት ከተማ ተከፍሎ ሲቀር ሁለቱንም የሚያገናኝ ቁጥር የለም።

ባዶ የቀረ ቦታ

በጤና ኬላ የሚገኘው የሕፃናት ክትባት መዝገብ የሕፃኑን ስም፣ የእናቱን ስም፣ የልደት ቀኑንና እያንዳንዱ ክትባት የተሰጠበትን ቀን ይይዛል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ሥራ እስከ ቀበሌ አውርዶታል። እናት የምትይዘው የክትባት ካርድ የመዝገቡ ግልባጭ ነው። ባለሙያዋ የቀኑን ሥራ በመቁጠሪያ ቅጽ ላይ ትደምራለች፤ ድምሩ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በ2010 ዓ.ም. ሥራ ላይ ወደዋለው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ወደተሰኘው የኮምፒውተር የመረጃ ሥርዓት ይገባል።

በዚህ መንገድ የሚጓዘው ድምር እንጂ ስም አይደለም። ለሽፋን ሪፖርት ድምሩ ይበቃል፤ ለውጤታማነት ስሌት ግን ስሙ ያስፈልጋል፤ ታማሚውን ከክትባቱ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ነውና። በሥራ ብዛት ድምሩ በቅጹ ላይ ሰፍሮ መዝገቡ ላይ ቀኑ ሳይጻፍ ሲቀር፣ የወሩ ሪፖርት ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የሕፃኗ ቦታ ግን ባዶ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ኩፍኝ ሲከሰት መዝገቡን የሚያገላብጠው ባለሙያ ባዶውን ቦታ አልተከተበችም ብሎ ያነብበዋል።

የዚህ ስሕተት ክብደት ከላይ በተጠቀሰው የ1 ሺህ ሕፃናት ምሳሌ ሊታይ ይችላል። ከተከተቡት 900 ሕፃናት የአንድ ሦስተኛው፣ የ300ዎቹ፣ ክትባት በመዝገብ ላይ ሳይሰፍር ቢቀር፣ ከእነርሱ መካከል የታመሙት 18 ልጆች ካልተከተቡት ጋር ይደመራሉ። የተከተቡ ተብለው የሚቀሩት 600፣ ታማሚዎቻቸውም 36 ይሆናሉ። ያልተከተቡ የሚባሉት 400፣ ታማሚዎቻቸው ደግሞ 58 ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ 85 በመቶ የነበረው ውጤታማነት ወደ 59 በመቶ ይወርዳል። ጤናማ ክትባት የተበላሸ መስሎ ይታያል፤ ማቀዝቀዣው ያለ በቂ ምክንያት ይመረመራል፤ በኅብረተሰቡም ዘንድ ክትባቱ ላይ ጥርጣሬ ሊያድር ይችላል። የተጋነነ ሽፋን ስሌቱን ወደ ላይ ሲያስተው፣ ያልተሟላ መዝገብ ወደ ታች ያስተዋል። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ወረዳ ውስጥ ተገናኝተው የሚገኘው አኀዝ ደኅና ቢመስል እንኳ፣ ትክክል የሆነው በአጋጣሚ ነው።

ከጤና ተቋም መራቅም የራሱ ድርሻ አለው። በተራራማው የጋሞ ደጋ ከጤና ኬላ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ሳያስከትብ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ልጁ ሲታመምም ወደ ጤና ተቋም ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። ያልተከተቡት ታማሚዎች ከዝርዝሩ ሲጎድሉ ክትባቱ ከእውነቱ ያነሰ ጥቅም ያለው ይመስላል። በሲያትል የታየው መዛባት ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ስለነበረ፣ ከውጭ አገር የመጣ የማስተካከያ ዘዴን እንዳለ ወስዶ ጨንቻ ላይ መጠቀም አያዋጣም።

ለዚህ መፍትሔ ሊሆን የሚችል አሠራር ከዞኑ ርቆ የሚፈለግ አይደለም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባቋቋመው የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት ማዕከል አማካይነት በአርባ ምንጭ ዙሪያ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተዞረ ልደት፣ ሞትና ዝውውር ይመዘገባል። ተካፋዩ ሕዝብ በግምት ሳይሆን በስም የሚታወቅበት አሠራር ነው። ለጨንቻ ቀበሌዎች ይህን ያህል ዝርዝር ባይቻል እንኳ፣ የቤተሰብ ማህደርን በየዓመቱ አድሶ ከዕቅዱ ግምት ጋር ማነጻጸር በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አቅም ሊሠራ የሚችል ነው። ልዩነቱ ሲገኝ ወደ ዞን መላክ ያለበት ሁለቱም ቁጥር ነው። ባለሙያዋ ከቤት ወደ ቤት ዞራ የቆጠረችው ቁጥር ከዕቅዱ አነሰ ተብሎ እንድታስተካክለው ከተጠየቀች ግን ቆጠራው ትርጉም አይኖረውም።

መዝገቦችን በስም የማገናኘቱ ጉዳይ በሕግም መሠረት እየያዘ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተጀምሯል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለነዋሪዎች አንድ መለያ ቁጥር የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘርግቷል። የሕፃናቱ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምዝገባቸውና የሕክምና መዝገባቸው በአንድ ቁጥር ሲገናኙ ወደ ሽሮ ሜዳ የሄደችው ሕፃን ክትባት ከጨንቻም ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል የጤና መረጃ ጥንቃቄ የሚያሻው የግል መረጃ በመሆኑ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአጠቃቀሙ ላይ ግዴታዎችን ጥሏል። ለውጤታማነት ስሌት የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የክትባት ቀንና የሕመም ቀን ነው፤ መዝገቦቹ ከተገናኙ በኋላ ስሙ ከስሌቱ ሊወጣ ይገባዋል።

ኮምፒውተሩ እስኪደርስ ድረስ ግን በወረቀቱ ላይ ሊደረግ የሚችል አንድ ማስተካከያ አለ። በታማሚዎች ዝርዝር ላይ የክትባት ታሪክ በሚጻፍበት ዓምድ ዜሮና አይታወቅም የሚሉት ሁለት መልሶች መለየት አለባቸው። ካርድ የጠፋባት እናት ልጇ መከተቧን ካላስታወሰች መልሱ አይታወቅም ነው፤ ዜሮ የሚጻፈው መዝገቡ ታይቶ፣ እናትም ተጠይቃ ክትባት አለመሰጠቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። መልሱ ከካርድ፣ ከመዝገብ ወይም ከእናት ቃል የተገኘ መሆኑም ጎን ለጎን ቢጻፍ የሚያሰላው ባለሙያ የትኛውን ምን ያህል ማመን እንዳለበት ያውቃል።

ለዚህም አሮጌዎቹ መዝገቦች መገኘት አለባቸው። በ2011 ዓ.ም. በዘጠነኛ ወሯ የተከተበች ሕፃን በ2018 ዓ.ም. ኩፍኝ ቢይዛት ክትባቷ የሚፈለገው ከሰባት ዓመት በፊት በተዘጋ መዝገብ ውስጥ ነው። ጤና ኬላው ሲታደስ፣ ወረዳው ሲከፈል ወይም ባለሙያዋ ስትዛወር ያ መዝገብ በርክክብ ሰነዱ ላይ በቁጥር ተጠቅሶ ካልተላለፈ ከሚጠፉት ንብረቶች የመጀመሪያው እርሱ ነው።